ይቅር ብያለሁ፤ ይታሰር

የወይዘሮ ትርንጎን ሞት የነገሩኝ አምርረው የሚጠሏቸው ሰው ናቸው። አቶ እንግዳው በጠዋት ደወሉና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ያቺ ሴት ሞታለች» አሉኝ። የትኛዋ ሴት ብዬ አልጠየቅሁም። በእስራኤሏ የረሆቮት ከተማ ኢትዮጵያውያን ዘንድ «ያቺ ሴት» ሲባል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ከቀትር በኋላ። ለጋዜጣህ ትሄድ ይሆናል ብዬ ነው የነገርኩህ። እኔ አልሄድም።»

«ሰው ይኖራል?»

«ሰው?» አሉና ሳቁ። «ልጇ ይኖራል። ቀባሪዎቹ ይኖራሉ። እነሱም ደሞዝ ስለሚከፈላቸው ነው።»

አቶ እንግዳው ክፉ ሰው አይደሉም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በእናት ቤት ሲካሰስ፣ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። አባታቸውም ጎንደር ሳሉ ሽማግሌ ነበሩ። እኒህ ሰው በአንዲት ሴት ሞት ሲስቁ ስሰማ፣ ጥላቻው ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ገባኝ።

ወይዘሮ ትርንጎ እኔንም አይወዱኝም ነበር። በዚህ ቅር አይለኝም። በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ ሰው የሚጠላው አያጣም። ስለ እሳቸው የምጽፈውም ስለወደዱኝ ወይም ስለወደድኳቸው አይደለም። ከጻፍኩባቸው ሰዎች ሁሉ አስተሳሰባቸውን ልሞግተው ሞክሬ ያልቻልኩት የእሳቸውን ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ያገኘኋቸው ልጃቸው ሲሳይ የተኛበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ሲሳይ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከውትድርና ከወጣ ብዙም አልቆየም። ኤላድ የሚባል የሰፈሩ ልጅ በቢላ ሆዱን ወግቶት፣ ሐኪሞቹ ጣፊያውን አውጥተው ነፍሱን አትርፈዋል። ጠቡ የተነሳው በኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። ሲሳይ ብስክሌቱን የሰፈሩ ኪዮስክ ግድግዳ ላይ አስደግፎት ሳለ ኤላድ ወጥቶ ተቀመጠበት። ተሰዳደቡ፣ ተገፋፉ፣ ሰው ገላገላቸው። በማግስቱ ኤላድ ቢላ ይዞ መጣ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የጠለቀ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ወይዘሮ ትርንጎ አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ የእጃቸው አንጓ እንደ ወንድ የወፈረ ሴት ነበሩ። በጎረቤቷ ከተማ ነስ ጺዮና በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። ኃይለ ቃል ሊናገሩ ሲሉ የሻሻቸውን ቋጠሮ ፈትተው እንደገና ጠበቅ አድርገው ያስሩታል። ሲከራከሩም አይቀመጡም። እኔ ማስታወሻዬን ሳወጣ ሻሻቸውን ፈቱ።

«ወንድ ልጅ አለህ?»

«ያሉኝ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ጠይቀህ ስትጨርስ ዝም ብለህ ስማ።»

በኋላ እንዳየሁት ይህን ጥያቄ ለሁሉም ነበር የሚያቀርቡት። ለፖሊሱም፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛዋም፣ ለጠበቃውም። ወንድ ልጅ የሌለው ሰው ስለ ቢላ ባያወራ ይመርጡ ነበር። ያለው ደግሞ አይከራከራቸውም ብለው ያምኑ ነበር፤ በዚህ ተሳስተዋል።

በዚያ ሰሞን በከተሞች ውስጥ ጠንከር ያለ ክስና ረጅም እስር የቢላ ጠብን ይቀንሳል ወይ በሚል ርእስ ረጅም ዘገባ እያዘጋጀሁ ነበር። ፖሊሶች አነጋገርኩ፣ ጠበቆች አነጋገርኩ፣ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎችንም አነጋገርኩ። ከዚያ ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ዳር ወዳለው ሺኩን፣ ወደ መንግሥት የመኖሪያ ሕንጻዎች፣ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ቤት ሄድኩ። ሲሳይ ከሆስፒታል ወጥቶ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነበር። እሳቸው ምድጃው አጠገብ ቆመው አነጋገሩኝ።

«ያጠኑት ሰዎች አይስማሙም» አልኳቸው። «ብዙዎቹ ወጣትን የሚያስፈራው የእስሩ ርዝመት ሳይሆን እንደማያመልጥ ማወቁ ነው ይላሉ። ገብቶ ብሶ የሚወጣም አለ ይላሉ።»

«የት ነው የሚኖሩት?»

«አንደኛው ቴል አቪቭ።»

«ከቤቱ በታች አግዳሚ አለ? ልጆች ቢላ በካልሲያቸው ሸጉጠው የሚቀመጡበት?»

«አላውቅም።»

«ሄደህ እይና ና።»

«እትዬ፣ አንዱ ሲታሰር አግዳሚው ላይ ሌላው ይቀመጣል እኮ።»

«ይቀመጥ። የሚቀመጠው ልጄን አልወጋብኝም።»

«ኤላድም ቢሆን አንድ ቀን ይፈታል።»

«እስኪፈታ ድረስ የት ነው ያለው?»

«እስር ቤት።»

«በቃ፤ ጨረስን። የቀረው ወሬ ነው» አሉና ወደ ድስታቸው ዞሩ። እኔ ስለ አጠቃላይ ሁኔታው እያወራሁ፣ እሳቸው ስለ አንድ ልጅ እያወሩ ነበር። በዘገባዬ ውስጥ የእሳቸውን ቃል አስገባሁት፤ ነገር ግን የአንዲት የተጎዳች እናት ስሜት ነው በሚል መልክ ነበር።

ኤላድን ያሳደጉት አያቱ አባባ ማሩ ነበሩ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ዝምተኛ ሰው። ሽማግሌዎቹ በአቶ እንግዳው መሪነት እኒህን አዛውንት ይዘው ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ቤት ለዕርቅ ሲሄዱ፣ እስኪያልቅ እንዳልጽፍ ቃል አስገብተው እኔንም አስከተሉኝ። እዚህ ለተወለዱ አንባቢዎች ልንገር። የበዳይ ወገን ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል። ተበዳይ ድንጋዩን ካነሳለት ይቅር ብሏል ማለት ነው። ካላነሳለት ደም አለ ማለት ነው። መሐል የሚባል ነገር የለውም፤ ቢያንስ እስከዚያ ቀን ድረስ የለውም ነበር።

የመጀመሪያው ችግር ድንጋይ ነበር። በሺኩኑ ውስጥ አስፋልት፣ ሣርና የመኪና ማቆሚያ እንጂ ድንጋይ የለም። አንደኛው ሽማግሌ አጠገብ ካለው የግንባታ ቦታ የእግረኛ መንገድ የሚነጠፍበት ጠርብ አምጥተው አባባ ማሩ ማጅራት ላይ አስቀመጡት። ሁለተኛው ችግር ሊፍቱ ነበር። ከሞሮኮ የመጡ አንድ ጎረቤት የሊፍቱን በር በእግራቸው ይዘው፣ ሽማግሌውን የግንባታ ሠራተኛ መስለዋቸው «ግቡ እንጂ አባባ፣ ምን አደከመዎት?» አሉ በዕብራይስጥ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው በሊፍት ይወጣል ወይስ አይወጣም? ይህን ከአባቶቻቸው ማንም አልሰማም። አቶ እንግዳው ጥቂት አሰቡና ፈረዱ። «በደረጃ።»

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባባ ማሩ በየፎቁ መካከል ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ። በሩ ሲከፈት ወለሉ ላይ በግንባራቸው ተደፉ፤ ድንጋዩ ማጅራታቸው ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ «ስለ እግዚአብሔር! ስለ ኦሪቱ!» አሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ላኩ። ፈቱ፤ አሰሩ።

«ደረጃ ያስወጣቸው ማነው?»

ሽማግሌዎቹ ወደ አቶ እንግዳው ዞሩ።

«ሊፍቱ ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም» አሉ አንዱ።

«ታዲያ እኚህን ደግሞ እናንተ ልትገድሉ ነው?» አሉና ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንስተው ጫማ መደርደሪያው አጠገብ አስቀመጡት። «ተነሡ አባቴ። ይቅር ብያለሁ። እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን።» ውሃ አምጥተው በእጃቸው አጠጧቸው። ቤት ውስጥ የነበሩት ሴቶች እልል አሉ። ሲሳይ ከመኝታ ክፍሉ ተጠራ። ጎኑን ይዞ ወጣ። ሽማግሌዎቹ «ጉልበት ሳም» አሉት፣ የአባባ ማሩን ጉልበት ሳመና ተመልሶ ገባ።

ስንወርድ አቶ እንግዳው ደስታ በደስታ ሆነው ነበር። «አለቀ» አሉኝ። «የኤላድ ጠበቃ ዕርቁን ለዳኛዋ ይነግራታል። ልጁ አንድ ቦታ ጽዳት ይሠራል፣ በወር በሁለት ወር ቤቱ ይገባል። ከፖሊሱ ሁሉ የእኛ ሽምግልና በለጠ!»

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ የዋለው ወጣቶቻችን የፖሊስን ዱላ ተቃውመው አውራ ጎዳና በዘጉበት ጸደይ ነው። በየቤቱ ቁጣ ነበር፤ ተገቢ ቁጣ። በዚያ ወር የእኛን ልጅ ለዩኒፎርም አሳልፎ የሚሰጥ ሰው በምን ዓይን እንደሚታይ መግለጽ አያስፈልገኝም።

ኤላድ ጥፋቱን አምኗል። የቀረው ቅጣቱ ነበር። ጠበቃው ሁለቱ ቤተሰቦች በባህላቸው ታርቀዋልና ልጁ ከእስር ይልቅ የማኅበረሰብ አገልግሎት ይስጥ ብሎ ለመነ። አቶ እንግዳው ቀርበው ዕርቁን አስረዱ፤ ድንጋዩን፣ ውሃውን፣ እልልታውን። ዳኛዋ በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ወይዘሮ ትርንጎ ተጠሩ። አጠገባቸው ወጣት ኢትዮጵያዊት አስተርጓሚ ቆማለች።

«ይቅር ብለዋል?» አሉ ዳኛዋ።

«አዎ፣ ይቅር ብያለሁ።»

ጠበቃው ፈገግ አለ። አባባ ማሩ ከተቀመጡበት ሆነው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሷቸው።

«እንግዲህ ፍርድ ቤቱ ምን እንዲያደርግ ይፈልጋሉ?»

«ይታሰር።»

አስተርጓሚዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ወይዘሮ ትርንጎ ወደ እሷ ዞረው «ተናገሪ እንጂ ልጄ፤ የሰማሽውን ነው» አሏት። ተናገረች። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ዳኛዋ ዝም አሰኝተው፣ ይቅር ካሉ በኋላ እንዴት እስር እንደሚጠይቁ አብራሩልኝ አሉ።

«ይቅር ያልኩት እኚህን አዛውንት ነው። አንገታቸው ላይ ድንጋይ ነበረ፣ አነሳሁላቸው። መታሰር ያለበት እጁ ላይ ቢላ የነበረው ነው። ሁለት ሰው ናቸው።»

ጠበቃው ተነሣ። «ቂም ይዘዋል ማለት ነው።»

«ወንድ ልጅ አለህ?»

«ጥያቄውን ይመልሱ።»

«ቂም የለኝም። ዓመት ነው የምፈልገው። የቻላችሁትን ያህል ዓመት።»

ዳኛዋ ሁለት ዓመት እስር ፈረዱ። በወይዘሮ ትርንጎ ቃል ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ በውሳኔው ላይ የሰፈሩት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ግን ውሳኔውን ያነበበ የለም። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው የሰማው «ይታሰር»ን ብቻ ነው።

«ሽማግሌ አዋረድሽ!» አሉ አቶ እንግዳው ፊት ለፊታቸው ቆመው። «ድንጋይ አንስተሽ፣ ውሃ አጠጥተሽ፣ ልጁን ለፖሊስ! በዚህ ሰሞን! ልጆቻችን በየመንገዱ እየተደበደቡ!»

«ልጄን የወጋው ፖሊስ ነው?»

«አንቺ እናት አይደለሽም!»

«ሽማግሌው አንተ ነህ። ደረጃ ያስወጣሃቸውም አንተ ነህ። ዞር በል ልለፍ።»

አንዲት ሴት እግራቸው ሥር ተፋችባቸው። ተሻግረዋት ሄዱ። አባባ ማሩ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። ቀጥሎ በመጣው ክረምት፣ የልጅ ልጃቸው ሳይፈታ ሞቱ። ልጃቸው ልባቸው ከድሮም ደካማ እንደነበር ነግራኛለች። ሰፈሩ ግን ትርንጎ ገደለቻቸው አለ፤ እስከ ዛሬም የሚለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን በዓይኔ ያየሁት ነው። ገበያ ውስጥ ሲያዩዋቸው ሴቶች ጋሪያቸውን ያዞራሉ። የፖስታ ሣጥናቸው ላይ የተለጠፈውን ስማቸውን ሰው በምስማር ፋቀው። በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ አሥር ሰው በሚይዝ ጠረጴዛ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ አብረው የተመደቡት ሌላ ቦታ ተጣበው ተቀምጠዋል። አስተናጋጁ አንድ ሳህን ይዞ ሲመጣ ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«የአሥሩንም አምጣ።»

«የሚመጡ ሰዎች አሉ?»

«የሉም። ግን ተከፍሎበታል አይደለም? አምጣ።»

አሥሩንም አስደርድረው፣ የቻሉትን በልተው፣ የተረፈውን በላስቲክ አስጠቅልለው ወጡ። ሙሽራዋን ስመው ነው የወጡት። ሙሽራዋ ጉንጯን ሰጠቻቸው እንጂ አልሳመቻቸውም።

እኔ በበኩሌ የፍርድ ቤቱን ውሎ እንዳየሁት ጻፍኩ። የሽማግሌዎቹን ቃል አስቀመጥኩ፣ የእሳቸውን አስቀመጥኩ፣ ሁለቱ ቃላቸው እርስ በርሱ እንደሚጋጭም አልኩ። ከወጣ በኋላ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሄርዝል ጎዳና አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አትክልት የሞላ ፌስታል በሁለት እጃቸው ይዘው አገኘኋቸው። ያገኙኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይሻላል።

«አንተ! የሚጋጭ ነገር ተናገረች ብለህ ጻፍክ አሉ።»

«ይጋጫል እኮ እትዬ።»

«የምነግርህን አትጽፍም።»

«እርስዎ ካልፈቀዱ አልጽፍም።»

ፌስታሉን መሬት አስቀመጡ። ሻሻቸውን ግን አልነኩም። በዚያን ጊዜ ነው ከወትሮው የተለየ ነገር እንደምሰማ የገባኝ።

«ድንጋዩን ባነሳሁ ማግስት የሲሳይን አንሶላ ልቀይር ፍራሹን ብድግ ባደርገው ቢላ። አዲስ። የሱቁ ወረቀት እንኳ አልተላጠለትም።»

«ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ወታደር የነበረ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ከእኔ ጋር ታረቁ። እሱን ማን አስታረቀው? ጉልበት ሳም አሉት፣ ሳመ። ኤላድ የኪዮስክ ደጅ ጠርጎ በወሩ እዚያው አግዳሚ ላይ ቢቀመጥ፣ እኔ ወይ የሟች እናት ነኝ ወይ የገዳይ እናት ነኝ።»

«ለፖሊስ ለምን አልነገሩም?»

«የኔን እንዲያስሩልኝ?»

«ለአቶ እንግዳውስ?»

«ለእንግዳው ብነግረው ለሚስቱ ይነግራል። ሚስቱ ለእህቷ። ሳይመሽ ኤላድ ጋ ይደርሳል፣ ኤላድም ቀድሞ ይመጣል። ምን ነካህ?»

«እና ‹ዓመት ነው የምፈልገው› ያሉት…»

«እሱ እንዲቀጣ መሰለህ? እሱ ተቀጣ አልተቀጣ የወገኖቹ ጉዳይ ነው። የኔው እንዲበርድ ነው። ወንድ ልጅ በሃያ ሁለት ዓመቱ ሌላ ነው፣ በሃያ አራት ዓመቱ ሌላ ነው። ሥራ ይይዛል፣ ሴት ይወዳል፣ የመኪና ዕዳ ይገባል። ያን ጊዜ አጥር በመሐላቸው ይኑር። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ቢላውን የት አደረጉት?»

«ሽንኩርት እከትፍበታለሁ። ሲሳይ ያየዋል። እሱም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።»

አውቶቡሱ መጣ። ፌስታላቸውን አነሱ። «ያላ፣ ደህና ዋል። እነዚያ ያጠኑትን ሰዎች ስታገኛቸው ጠይቅልኝ። ያልተወጋ ሰው የሚመዘገበው የት ነው?»

ጠየቅሁላቸው። አንደኛው ሰው ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ለመለካት ግን አስቸጋሪ ነው አለኝ።

እዚህ ላይ ለወይዘሮ ትርንጎ የማይመቸውን ማስፈር አለብኝ። ሰፈሩ ሁለት ዓመቱን ሙሉ ጸጥ አላለም። አግዳሚው ላይ ሌሎች ተቀመጡ፤ ፖሊስ ጠቡ ቀንሷል ይላል፣ የሕንጻው ነዋሪዎች ደግሞ አልቀነሰም ይላሉ፣ እኔም አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ነገር አላገኘሁም። ኤላድ ተፈትቶ ሲመጣ ከሄደበት ጊዜ የከፋ ሰው ሆኖ ነው። አያቱን ያልቀበረ፣ ማንም ሥራ የማያስቀጥረው፣ አዳዲስ ጓደኞች ያፈራ። ጥቂት ወራት ቆይቶ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ጠብ እንደገና ተያዘ። እስር ቤት እሱን አላረመውም። አቶ እንግዳው ይህን በየሄዱበት ይናገራሉ፤ የሚናገሩትም እውነት ነው። «ምን አተረፈች?» ብለው ሲጠይቁኝ እስከ ዛሬ ዝም እል ነበር፤ የማውቀውን እንዳልናገር ቃል ስለገባሁ።

ወይዘሮ ትርንጎ የሞቱት ኤላድ ከተፈታ በኋላ በመጣው ክረምት፣ በድንገት፣ ከሥራ ሲመለሱ ነው። የቀብሩ ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ። ለቅሶ የደረስኩት በሺቭዓው፣ በአይሁድ የሰባት ቀን ሐዘን፣ በሦስተኛው ቀን ነው። በሩ እንደ ልማዱ ክፍት ነው። ሲሳይ መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ተቀምጧል፣ የሸሚዙ አንገት ተቀዷል። ነስ ጺዮና ውስጥ የማሽን ጥገና ባለሙያ ሆኗል፣ ወፍሯል። ከአፉላ ከመጡ አንዲት አክስቱ በቀር ሰው የለም። ከሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር የተከራያቸው የላስቲክ ወንበሮች ግድግዳው ሥር ተደራርበው እስከ መስኮቱ ደርሰዋል። የተዘረጉት ጥቂት ናቸው። አንዱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኢማ አንተን ትጠላህ ነበር» አለኝ፣ እናቱን በዕብራይስጥ ጠርቶ።

«አውቃለሁ።»

«ማንን ትወድ ነበር ደግሞ። እኔ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ወገቤን ትዳብሰኝ ነበር፣ ካንየን የገበያ ማዕከል በር ላይ እንዳለው ጥበቃ። በጓደኞቼ ፊት! ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝ!» አክስቱ «ተው፣ ሟች አይወቀስም» አሉት። አልተወም። «ቢላውን ነግራሃለች?»

«ነግረውኛል።»

«በእሱ ሰላጣ ከትፋ ታቀርብልኛለች። በየቀኑ። እኔም ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ጋሼ፣ እንዴት እንደምጠላት!»

«ለምን ጠላሃቸው?»

«ስላወቀች ነዋ።»

ከዚያ ሳልጠይቀው ስለ ኤላድ መፈታት ነገረኝ። የሚፈታበትን ቀንና ሰዓት ጓደኛው አስቀድሞ ነግሮት ነበር። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው፤ መኪናው ከፋብሪካው በታች ቆሟል። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ያዘው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ማሽን ቆመ። አለቃዬ ጠራኝ። ፈትቼ ስገጥም፣ ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። ረሳሁት ጋሼ። ቤት ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ኢማ በሩ ላይ ቆማለች። ወገቤን ዳበሰች፣ ፊቴን አየችና ‹ግባ ብላ› አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳብሳኝ አታውቅም።»

«ያኔ፣ በመጀመሪያው ዓመት ቢለቁት ኖሮስ?»

«እገድለው ነበር» አለኝ በዕብራይስጥ። ከዚያ አክስቱም እንዲሰሙ በአማርኛ ደገመው። «እገድለው ነበር። ጻፈው።»

«የምጽፈው ስምህን ቀይሬ ነው።»

«የኔን ቀይር። የሷን እንዳትነካ። ‹ያቺ ሴት› እያሉ ስሟን አጥፍተውታል።»

እሺ አልኩት። ሲሳይና ኤላድ ትክክለኛ ስማቸው አይደለም። ትርንጎ ግን ትርንጎ ናቸው።

ልነሣ ስል «መቼ ይወጣል?» አለኝ።

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

«ሺቭዓው እኮ እሑድ ያልቃል።»

«አውቃለሁ።»

ወደተደራረቡት ወንበሮች ዞሮ ጥቂት ተመለከታቸው።

«ቤሰደር፣ እሺ» አለ። «ያነበበ ሰው ይመጣ ይሆናል፤ ወንበሮቹን አልመልስም።»